ድባቴ የኬሚካል መዛባት ነው ወይስ የእምነት ጉድለት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ከስምንት ወር በፊት ሐኪም ድባቴ እንዳለብኝ ነግሮኝ መድኃኒት ጀመርኩ። «በአንጎልሽ ያለው ኬሚካል ስለተዛባ ነው» ሲለኝ ጥፋቱ የእኔ አይደለም ብዬ እፎይ አልኩ። አሁን ግን የኬሚካሉ ነገር ሐሰት ነው ሲባል ሰማሁ። አብራኝ የምትጸልይ እኅትም «እምነትሽ ስለደከመ ነው፤ ክኒኑን ተዪና ጸልዪ» አለችኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እለምንሻለሁ፤ ሐኪምሽን ሳታማክሪ ክኒኑን እንዳታቆሚ። በድንገት ሲቋረጥ ማዞር፣ መረበሽና እንቅልፍ ማጣት ሊያመጣ፣ ሕመሙም ሊያገረሽ ይችላል።

የሰማሽው ነገር ግማሹ እውነት ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሳንባ ነቀርሳ ይሰጥ የነበረ ኢፕሮናያዚድ የተባለ መድኃኒት የሕሙማኑን መንፈስ ሲያነቃቃ ታየ። የአንጎል ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡባቸውን ኬሚካሎች፣ ሴሮቶኒንንና መሰሎቹን፣ በአንጎል ውስጥ እንደሚያበዛ ሲታወቅም «እንግዲያስ ድባቴ የእነዚህ ማነስ ይሆናል» የሚል ግምት ተነሣ። ግምቱ እያደር እንደ ተረጋገጠ ነገር ለሕዝብ ተነገረ። በ2022 እ.ኤ.አ. የቀደሙ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ሥራ ግን ድባቴ በሴሮቶኒን ማነስ ለመምጣቱ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘም። ቀድሞም ቢሆን የሚያጠያይቅ ነገር ነበረ፤ ክኒኑ ሴሮቶኒንን በሰዓታት ውስጥ ይለውጣል፣ እፎይታው የሚመጣው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው።

ታዲያ አንጎል በነገሩ የለበትም ማለት ነው? አይደለም። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት፣ የከረመ ጭንቀት፣ ሐዘን፣ ወሊድ፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ማነስ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው፤ ብዙ ጊዜም ተደራርበው ነው የሚመጡት። መድኃኒቱም እንዴት እንደሚሠራ ተሟልቶ ባይታወቅም ብዙዎችን ረድቷል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን «እፎይ አልኩ» ያልሽው ቃል ነው። ንጽሕናሽን በሴሮቶኒን ላይ አንጠልጥለሽው ነበር፤ ሴሮቶኒኑ ሲነቃነቅ አብሮ ወደቀብሽ። ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ የተወለደውን አይተው «ኃጢአት የሠራ ማን ነው? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ሲጠይቁ ጌታ እርሱም ወላጆቹም አልበደሉም አላቸው። የሕመሙን መንሥኤ ከሥጋው መርምሮ አላስረዳቸውም፤ በደለኛ መፈለጋቸውን ነው የዘጋው። የድባቴ መንሥኤ ነገ ሌላ ሆኖ ቢገኝም አንቺ አልተከሰስሽም።

ኤልያስን አስቢው። በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ብዙም ሳይቆይ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» አለ። እምነቱ ደክሞ ነው የሚል ማን ይደፍራል? መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ ተመልሶ ሲተኛም ተወው፣ ዳግመኛ መጥቶ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። በኮሬብ የእግዚአብሔርን ድምፅ የሰማው ከዚህ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል፤ እኔም በአገልግሎቴ መጀመሪያ እንዲህ ለታመመ ወጣት «ጸሎት ጨምር» ብቻ ብዬ ሸኝቼው እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን፣ ብልህ ሰውም መድኃኒትን እንደማይንቅ ጽፎልናል። እዚያው ምዕራፍ ላይ ታማሚው እንዲጸልይም ይመክራል። ስለዚህ ክኒንሽን ውሰጂ፣ ጸልዪም። ረጅም ጸሎት ከከበደሽ «አቤቱ ማረኝ» ይበቃል። ያም ካቃተሽ ያቺ እኅት አጠገብሽ ተቀምጣ ትጸልይልሽ፤ ስትመክርሽ ከምትውል ይህ ይሻላል።

እንደ ኤልያስ ሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣብሽ ግን እስኪያልፍ አትጠብቂ። በዚያው ሰዓት ለሐኪምሽና ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ሌሊትም ቢሆን ሰው ቀስቅሺ፣ ብቻሽን አትደሪ።