«በግልጽ» እና «በማያሻማ ሁኔታ» አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ ከእንግሊዝኛ ስተረጉም «ኤክስፕሊሲትሊ» የሚለው ተውሳከ ግስ ያስቸግረኛል። «በግልጽ» ብዬ ስጽፍ አራሚው «በማያሻማ ሁኔታ» እያለ ይለውጠዋል። ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ አላቸው፤ የአራሚውን ለውጥ አልደግፍም። «ኤክስፕሊሲትሊ» ነገሩ በቃል ወይም በጽሑፍ መውጣቱን፣ ለአድማጭ ግምት አለመተዉን ይናገራል። «የማያሻማ» ግን ትርጉሙ አንድ ብቻ የሆነ ማለት ነው። «ትመጣለህ?» ተብሎ «ታምሜ ተኝቻለሁ» ያለ ሰው መልሱ አያሻማም፤ «አልመጣም» የሚለው ቃል ግን ከአፉ አልወጣም። በአንጻሩ «የመምህሩን ሥዕል አየሁ» ያለ የደበቀው ነገር የለም፤ ሆኖም ሥዕሉ መምህሩ የሣለው ይሁን፣ እሱ የተሣለበት ይሁን ወይስ ንብረቱ፣ ያሻማል።

ስለዚህ «በግልጽ» ይሻላል። ይህም ቢሆን ብዙ ስለሚሸከም ተቃራኒውን እየፈለጉ ይለዩት። «በግልጽ ተቃወመ» ስንል ተቃራኒው «በስውር» ከሆነ «በይፋ» ወይም «በገሃድ» ይተካዋል። «በግልጽ ይታያል» ከሆነ «ጥርት ብሎ» ይበቃል። ተቃራኒው «በተዘዋዋሪ»፣ «በገደምዳሜ» ወይም «በአሽሙር» ሲሆን ነው የእርስዎ ቃል የሚገኘው።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን «በእንዲህ ሁኔታ»፣ «በእንዲያ መልኩ» እያልን የምንደረድረው ነው። አማርኛ እንደ «ቶሎ»፣ «ገና»፣ «ክፉኛ» ያሉ ራሳቸውን የቻሉ ተውሳከ ግሶች ጥቂት ነው ያሉት፤ አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩለት በ«በ» የሚጀምሩ ሐረጎችና እንደ «ጠርቶ»፣ «አውጥቶ» ያሉ ቦዝ አንቀጾች ናቸው። ቦዝ አንቀጹን ረሳነው! «ማንነቱን ግልጽ በሆነ መልኩ ጠቀሰ» ከማለት «ስሙን ጠርቶ ተናገረ» ማለት ይቻላል። «እምቢታውን በግልጽ ገለጸ» ደግሞ አንዱን ሥር ሁለት ጊዜ ይደግማል፤ «አፍ አውጥቶ እምቢ አለ» ቢሉት ሕይወት ይዘራል።

ቦታውን ግን ይምረጡ። «ፍርጥ አድርጎ ተናገረ» ውስጥ ድፍረት፣ አንዳንዴም ኑዛዜ አለ፤ ለሰው እንጂ ለሰነድ አይሆንም። ውል ወይም ደንብ ሲተረጉሙ «በግልጽ ይከለክላል» ብለው ይተዉት፤ እዚያ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። «በግልጥ» ብለው በ«ጠ» ቢጽፉትም ስሕተት አይደለም፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ብቻ አያቀላቅሏቸው።