ልጅቷ መዳኗን የነገራቸው አልነበረም

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ለወንጌል ሥራ ወደ ውጭ አገር ልትሄድ የተዘጋጀች ልጅ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «የደገፉኝ ሰዎች 64 ናቸው። ለሁሉም አንድ የምስጋና መልእክት ጽፌ በቴሌግራም ብለቀው ነውር ይሆናል?» አለችኝ። የምትሄድበትን አገር እዚህ አልጽፍም፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እናገራለሁ። እዚያው ቆሜ ልመልስላት ስል የአንዲት እናት ፊት መጣብኝና «ጽፌ እሰጥሻለሁ» ብያት ተለያየን። ይህ ደብዳቤ ለእሷና እንደ እሷ ለምትላኩ ልጆቼ ነው።

እኚያ እናት በየወሩ መጀመሪያ እሑድ 30 ብር ያመጡ ነበር። ብሩን በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሩታል፤ ቋጠሮው ሲጠብቅባቸው በጥርሳቸው ይፈቱታል። ማንበብ አይችሉም፤ ስልክ የላቸውም። ገንዘቡ አጥቢያችን ከአገር ውጭ ለላከው አንድ ቤተሰብ ነው። ቤተሰቡ በሄደ በስድስተኛው ወር ትንሿ ልጃቸው በወባ መታመሟ ተጽፎ መጣ፤ በጉባኤ ተነበበ፤ ተጸለየ። እኚህ እናት ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ረቡዕ ረቡዕን ለልጅቷ ጾሙ። ልጅቷ በ2 ሳምንት ውስጥ ዳነች። አባቷ ወዲያው ጽፎ አሳወቀን። ደብዳቤው በወንጌል ስርጭት ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ተነበበ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ተባለ፤ ፋይል ውስጥ ገባ። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። የሕመሙ ወሬ ወደ ጉባኤ ወጥቶ ነበር፤ የመዳኑ ወሬ ግን ከኮሚቴው ክፍል አልወጣም።

ከ2 ዓመት በኋላ ቤተሰቡ ለዕረፍት መጣ። ልጅቷ በግቢው ውስጥ ከእኩዮቿ ጋር ስትሯሯጥ እኚህ እናት አይተው «ይቺ ደግሞ የማን ናት?» አሉ። ተነገራቸው። በቆሙበት መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እግራቸው የከዳቸው መስሎን ልንደግፋቸው ሮጥን። እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ብዙ ቆዩና፣ «እኔ እኮ ባለፈው ረቡዕም ጾሜላታለሁ» አሉ። ማንንም አልወቀሱም። ልጅቷን አስጠርተው ጸጉሯን ዳበሱ፤ ስንት ዓመት እንደሞላት ጠየቁ።

ጾማቸው ባከነ አልልም፤ እግዚአብሔር የሰው ጾም አያባክንም። የቀረባቸው ምስጋናው ነው። ከመቶ በላይ ረቡዕ ለምነዋል፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ያለው ሁሉ ግን የደስታ ቀን መሆን ነበረበት። ያንን ደስታ የያዘው ወረቀት እኔ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የፊልጵስዩስን መልእክት ሳነብ አፍሮዲጡ ላይ ሳልቆም አላልፍም። የፊልጵስዩስ ሰዎች ለጳውሎስ ስጦታ በእጁ ላኩ፤ አፍሮዲጡ ግን ጳውሎስ ጋ ሳለ ታመመና ለሞት ቀረበ። ምዕራፍ 2ን ልብ ብላችሁ አንብቡ፤ አፍሮዲጡን ያስጨነቀው በሽታው ሳይሆን መታመሙን አገር ቤት መስማታቸው ነው። ስለዚህ ጳውሎስ እንዲያዩትና ደስ እንዲላቸው መልሶ ላከው። ስልክ በሌለበት ዘመን ከሕመም የመዳንን ወሬ ለማድረስ ሰው ያን ሁሉ መንገድ ተጉዟል ማለት ነው።

የዛሬ ልጆች ሽኝቱን ታሳምሩታላችሁ። ባነሩ፣ ኬኩ፣ ተመሳሳይ ልብሱ፣ ፎቶው አይጎድልም። በሦስተኛው ወር ግን ድምፃችሁ ይጠፋል፤ ስትመለሱ የምትመጡት ገንዘብ ሲያልቅ ነው። ይህን ስል ይከፋኛል፤ የማውቀው ነገር ስለሆነ ግን አልደብቀውም።

ወደ ጥያቄዋ ልመለስ። እኛ አገር ምስጋና ድሮም ጸሎት ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» ስንል «እኔ የምከፍልበት የለኝም፣ እሱ በእኔ ፈንታ ይስጥህ» ማለታችን ነው፤ የሚመለስልንም «አብሮ ይስጠን» ነው። በፊልጵስዩስ ምዕራፍ 4 ጳውሎስ ስለ ስጦታው ሲጽፍ «አመሰግናችኋለሁ» የሚል ቃል የለበትም። በተሰሎንቄ ሳለ አንዴም ሁለቴም እንደላኩለት ያስታውሳል፣ ከአፍሮዲጡ የተቀበለውን ይናገራል፣ ከዚያ «አምላኬ የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ ይሞላባችኋል» ይላል። ይህ እግዜር ይስጥልኝ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ነገርም የለም። የምስጋና ደብዳቤ ላይ የሚቀጥለውን ልመና አትለጥፉ። ምስጋናው ራሱ ልመና ይመስላል፤ አንባቢውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማችሁን ባየ ቁጥር ኪሱን ይነካል። ልመና ካላችሁ በሌላ ቀን፣ በሌላ ደብዳቤ ጻፉት።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዙ፤ በስልክ ብቻ አትያዙት፣ ስልክ ይጠፋል፣ ድንበር ላይም ይፈተሻል። አራት ዓምድ አስምሩ፦ ስም፣ የሰጡት ነገር፣ ቀኑ፣ ወሬ የሚደርሳቸው በምን መንገድ እንደሆነ። ሁለተኛው ዓምድ ላይ ገንዘብ ብቻ አትጻፉ። ጸሎት፣ ብርድ ልብስ፣ ፓስፖርት ለማውጣት አብሮ የተሰለፈ፣ ሻንጣ ያዋሰ፣ እናታችሁን አየት ለማድረግ ቃል የገባ፣ ሁሉም ይግባ። አራተኛው ዓምድ ነው ኮሚቴያችን ያጣው። «ያነባል፣ ቴሌግራም አለው»፣ «አታነብም፣ የልጅ ልጇ ታነብላታለች»፣ «ስልክ የለውም፣ በአካል ይነገረው» ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ። በአካል ለሚነገራቸው አገር ቤት አንድ የሚሄድላችሁ ሰው ከአሁኑ በስሙ ያዙ። «ቤተ ክርስቲያን ትነግራቸዋለች» ማለት ማንም አይነግራቸውም ማለት ነው።

የጸሎት ጥያቄ ስትልኩ ቀን ጻፉበት። የሚቀጥለው ደብዳቤ መጀመሪያ ላይ፣ ከማንኛውም አዲስ ወሬ በፊት፣ ያለፈው ጥያቄ የት እንደደረሰ አንድ መስመር ይኑር፦ ተመለሰ፣ አልተመለሰም፣ በሌላ መንገድ ሆነ። ደብዳቤው በ3 ወር አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ይሁን። ለተሰጠ ነገር ግን 3 ወር አትጠብቁ፤ በደረሳችሁ በ7 ቀን ውስጥ መድረሱን ተናገሩ። «ለአገልግሎት ውሏል» አይበቃም። «የውሃ ማጣሪያ ገዛንበት፣ ልጆቹ ከዚያ ወዲህ ሆዳቸውን አልታመሙም» በሉ። ስልኩን ስነቅፍ ቆይቼ ይህን ማለቴ ይገርማችሁ ይሆናል፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ግን የ2 ደቂቃ የድምፅ መልእክት ከየትኛውም ደብዳቤ ይበልጣል። መጀመሪያ ላይ ስሙን ጥሩ፤ የሌላ ሰው መልእክት የተላለፈለት እንዳይመስለው።

ከምንዛሪ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አለ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በብር እንደ ቀድሞው የሰጠ ሰው ስጦታው እናንተ ጋ ሲደርስ በግማሽ ገደማ የቀነሰ ይመስላል። እሱ ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ኑሮ ተወዶበት ሳለ ያንኑ መስጠቱ ጨምሯል ማለት ነው። በምስጋናችሁ የሰጠውን በብር ጥቀሱለት። በዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ያሉ እህቶች የሚልኩላችሁ ከሆነ ደግሞ ስማቸውን በጉባኤ አታስጠሩ፤ ሥራ ላይ ሳሉም አትደውሉ፤ መልእክት ተዉላቸውና ሲመቻቸው ይሰሙታል።

አሁን አገሯን ያልጻፍኩበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ሃይማኖት መለወጥ ወይም መስበክ በሚያስቀጣበት አገር የምስጋና ፕሮግራም ራሱ ጉዳት ያመጣል። የሽኝቱ ቪዲዮ ፊታችሁንና የአገሩን ስም ይዞ ዩቲዩብ ላይ ከወጣ ቪዛችሁ ሊቀር ይችላል፤ የባሰው ግን ቤቱን የከፈተላችሁ የዚያ አገር ሰው ያለ ጥፋቱ ይያዛል። ስለዚህ ሽኝቱ አይቀረጽ፤ ደብዳቤያችሁ በጉባኤ በድምፅ ይነበብ እንጂ በግሩፕ አይለቀቅ፤ የአዲስ አማኝ ስምና ፎቶ ከቶ አይላክ። ምን በምን ቃል እንደምትጠሩ ከመሄዳችሁ በፊት ከላኪዎቻችሁ ጋር ተስማሙ። የሚዲያ ክፍል ልጆቻችን በቅንነት ነው የሚለቁት፤ አስቀድሞ ካልተነገራቸው ግን አያውቁም።

ሌላ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። እኛ «ደህና ነህ?» ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን እናልፋለን። መልካም ልማድ ነው፤ ሚስዮናዊ ግን ይደበቅበታል። ባልና ሚስት ተኳርፈው፣ ልጅ ትምህርት ቤት ጠልቶ፣ ራሱ እንቅልፍ አጥቶ እየነጋበት «ጌታ ይመስገን፣ ሁሉ ሰላም ነው» ብሎ ይጽፋል። «በሁሉ አመስግኑ» የተባለው ውሸት ጻፉ ለማለት አይደለም። ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ወህኒ በመንፈቀ ሌሊት ሲዘምሩ እግራቸው በግንድ ተጣብቆ ነበር፤ መታሰራቸውን የካደ የለም። ለጉባኤው ሁሉን መናገር ባይገባም እውነቱን በሙሉ የሚሰማ አንድ ሰው አገር ቤት ይኑራችሁ። ይህ ሰው ገንዘባችሁን የሚወስነው ሰው አይሁን።

ለሚቀበላችሁም ሕዝብ ማመስገን መቻል አለባችሁ። ወደ ሱዳን የሚሄድ «ከተር ኸይረክ» ማለትን ይማር፤ «መልካምህን ያብዛልህ» ማለት ነው፣ ከእኛው እግዜር ይስጥልኝ ጋር ይቀራረባል። በሕንድና በፓኪስታን ግን ለቅርብ ወዳጅ በየደቂቃው «ሹክሪያ» ማለት እንደ ባዕድ መራቅ ሊመስል ይችላል፤ እዚያ የሚያመሰግን ሰው የቀረበለትን በልቶ ይጨምራል፣ ሌላ ቀን ደግሞ ይጋብዛል። በሁሉም ዘንድ በግራ እጅ አትቀበሉ።

መላክ በእናንተ የተጀመረ አይምሰላችሁ። በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሚስዮናውያን ከወላይታ ሲወጡ ትተው የሄዱት 48 የተጠመቁ አማኞችን ነበር። ከ5 ዓመት በላይ ቆይተው ሲመለሱ 10,000 ገደማ ሆነው አገኟቸው። ያ ሥራ የእነዚያ 48 ሰዎችና እነሱ የደረሱላቸው ሰዎች ሥራ ነው፤ አብዛኞቹን ዛሬ በስም የሚያመሰግናቸው የለም። ይህን የወላጆቻችሁን አባቶችና እናቶች ስታመሰግኑ አስቡት። ወላጆቻችሁን በአካል፣ ቁጭ ብላችሁ፣ ምርቃታቸውን ተቀብላችሁ እንድትሄዱ ግን መምከር አያስፈልገኝም።

ለጠየቅሽኝ ልጄ፦ ለ64 ሰው አንድ መልእክት መልቀቅ ነውር አይደለም፤ መድረሻሽን ለማሳወቅ ይሆናል። ምስጋናው ግን የየራሳቸው ይሁን። ለመሄድ 3 ሳምንት ቀርቶሻል። በቀን 4 ሰው ብታመሰግኚ በ16 ቀን ይዳረሳሉ፤ 5 ቀን ይተርፍሻል። ስልክ ከሌላቸው ጀምሪ፤ እነሱ ጋ በእግር መሄድ ስለሚያስፈልግ።