መሐል ሜዳ ላለሽው እናት፦ ስለ ካዋሳኪና ስለ አስፕሪኑ

እህቴ፣ «ልጄ ካዋሳኪ ታክሞ ወጣ፣ አስፕሪን በቀን አንዴ ስጪው ተብያለሁ፣ ክትትሉ ምን ይመስላል?» ብለሽ ጠይቀሻል፤ ካዋሳኪ ማለት የልጆችን ደም ሥር የሚያስቆጣ፣ የልብ ደም ሥርንም ሊያሰፋ የሚችል በሽታ ነው። እግዚአብሔር ይማርልሽ። የኔም ልጅ በዚሁ አልፋለች።

1. መጠኑ በኪሎ ነው፤ በዚህ ደረጃ ለአንድ ኪሎ ከ3 እስከ 5 ሚሊግራም በቀን። የኔዋ 10 ኪሎ ስለነበረች የባለ 81 ሚሊግራሙ ክኒን ግማሽ ታዘዘላት። በምላጭ ከፍዬ፣ በማንኪያ ውሃ አድቅቄ ከቁርስ በኋላ እሰጣት ነበር። 81 የለም፣ የአዋቂውን 300 ቆርሰሽ ስጪ ቢሉሽ እንቢ በይ።

2. ትኩሳት ሲመጣ ተጠንቀቂ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቂዋለሽ፣ እናንተ ጋማ ይብሳል፤ ጉንፋን አይቀርም። ልጄን ሲያተኩሳት ፋርማሲ ሄድኩ፣ ሰውየው አይቡፕሮፌን ሽሮፕ አወጣልኝ። አስፕሪን ላይ ናት ስለው «ያው ነው፣ ምንም አይላትም» አለኝ። ያው አይደለም! አይቡፕሮፌን አስፕሪኑን ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው የደም ሕዋስ) ላይ እንዳይሠራ ያግደዋል፤ ደም እንዳይረጋ ብለን የምንሰጠው መድኃኒት ከንቱ ይሆናል። ሐኪሟ የጻፈችልኝን ወረቀት ባሳየው «ታዲያ ከጻፈችልሽ ጋ ሄደሽ ግዢ» ብሎ ሰው ፊት ወረወረልኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ሽሮፑን ግን አልነካሁትም! ፓራሲታሞል ከሌላ ቤት ገዝቼ ለሐኪሟ ደወልኩ። አንቺም ደውዪ፤ በሽታው ራሱ ሊያገረሽ ይችላል፣ ደግሞ ኢንፍሉዌንዛ ወይም ጉድፍ (ቺክን ፖክስ) ከሆነ አስፕሪኑ ጉበትና አንጎል የሚጎዳውን ሬይ ሲንድሮም ሊያስከትል ይችላል። ይቁም ይቀጥል የሚለው ሐኪሙ ነው።

ነስር፣ ጥቁር ሰገራ ወይም ያለ ምክንያት የበለዘ ቦታ ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። በ2ኛውና በ3ኛው ሳምንት ፕሌትሌቱ ሽቅብ ቢወጣ ግን የበሽታው ጠባይ ነው፣ አትደንግጪ።

የልብ አልትራሳውንዱን፣ ኢኮውን፣ እንዳታስቀሪ፦ ከሕክምናው በኋላ በ1 ወይም በ2 ሳምንት፣ ከዚያ ከ4 እስከ 6 ሳምንት። «ትሮጣለች እኮ፣ ምን ያንከራትትሻል?» ያላለኝ ዘመድ የለም። የልብ ደም ሥር መስፋቱ በሩጫ አይታወቅም። እኛን አቁሙ ያሉን ኢኮው ንጹሕ መሆኑን አይተው ነው፤ የሰፋ ከተገኘ አስፕሪኑ ይቀጥላል።

ለካዋሳኪ የሚሰጠው መድኃኒት፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን፣ በደም ሥር ከተሰጠው የኩፍኝ ክትባቱ በአብዛኛው 11 ወር ይዘገያል። የመውጫ ወረቀቱን ለጤና ጣቢያዋ ነርስ አሳዪያት፣ ክትባት ካርዱ ላይ ትጻፍልሽ።