የዝናብ መደቡ ውሃ አልሰርግ ሲል

ከቱሉ ዲምቱ አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጠይቀውናል። «ግቢያችን ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው። ክረምት ሲገባ ከኮብልስቶኑ ላይ የሚወርደው ጎርፍ በበራችን ይገባል። ከላያችን ጋራዥ ስላለ ውሃው ጠቁሮ፣ ላዩ ላይ ዘይት እያብለጨለጨ ነው የሚመጣው። አምና ልጄ ኢንተርኔት ላይ አይቶ ሬይን ጋርደን የሚሉትን ሠራ። 4 ሜትር በ2 ሜትር ቆፍሮ፣ ፍግ ሞልቶ፣ ሣር ተከለበት። ሐምሌ ላይ ውሃው አራት አምስት ቀን ቆሞ ሸተተ። ሣሩም በሰበሰ። ጎረቤት ‹ድፈኑት› ይለናል። ልድፈነው ወይስ ይስተካከላል? ዳር ዳሩንስ ጎመን ብተክልበት?»

አይድፈኑት። የልጅዎ ሐሳብ ጥሩ ነው። ሬይን ጋርደን፣ በእኛ የዝናብ መደብ፣ ጎርፉን ይዞ በአፈርና በተክል እያጣራ ቀስ ብሎ የሚያሳልፍ ዝቅ ያለ መደብ ነው። ችግሩ ከሥር ያለው መሬት ነው።

በእናንተ በኩል ያለው አፈር በአብዛኛው ዋልካ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ሲረጥብ ደግሞ አብጦ ይገጥማል፣ ከዚያ በኋላ ውሃ አያሳልፍም ማለት ይቻላል። ልጅዎ ያየው ቪዲዮ ውሃ በሚመጥ መሬት ላይ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም። ዋልካ ላይ እንደዚያ የተቆፈረ ጉድጓድ ገንዳ ነው የሚሆነው። ውሃ ሲቆም አየር ያልቃል፤ ሥሩ ይታፈናል፤ ፍጉም ያለ አየር ሲበሰብስ ይሸታል። ዘይቱን የሚበሉት በአፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያንም ሥራቸውን በደንብ የሚሠሩት አየር ሲያገኙ ነው። ስለዚህ ውሃው ሲቆም ጽዳቱም አብሮ ይቆማል።

እኔን አምነው ብቻ ገንዘብ አያውጡ፤ መጀመሪያ ራስዎ ይፈትሹት። ከመደቡ ወለል ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ይቆፍሩ። ውሃ ይሙሉና እስኪመጥ ይተዉት። እንደገና ሞልተው እንጨት ያቁሙበትና ውሃው የደረሰበት ላይ ምልክት ያድርጉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የወረደው ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ያ መሬት ብቻውን አይችልም። ከሥር ማስወጫ ቱቦ ይፈልጋል።

ከቱቦው በፊት ግን ስለ ጭቃው ላውራ። እንዲህ ያለ መደብ ቶሎ የሚሞተው በዘይት ሳይሆን በደለል ነው። ከመንገድ የሚመጣው ጎርፍ ደቃቅ አፈር ተሸክሞ ይገባል። ደቃቁ አፈር መደቡ ላይ ተነጥፎ እንደ ልስን ይደፍነዋል። ከዚያ በኋላ ከሥር የፈለጉትን ያህል ጠጠር ቢኖር ዋጋ የለውም። ስለዚህ ውሃው በሚገባበት አፍ ላይ የደለል ማረፊያ ይሥሩ። 1 ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ስፋት፣ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ለእርስዎ ግቢ ይበቃል። ጎኑን በብሎኬት ይገንቡት። ወደ መደቡ በሚያሳልፈው በኩል ድንጋይ ደርድሩበት፤ ውሃው ጉልበቱን እዚያ ይጨርስና ቀስ ብሎ ይለፍ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በየሳምንቱ በአካፋ ይውጣ። ይቺን የአካፋ ሥራ የሚሠራ ሰው በቤት ውስጥ ከሌለ፣ የቀረውን ሁሉ ባይጀምሩት ይሻላል ብዬ በግልጽ እነግርዎታለሁ። የወጣው ጭቃ ዘይትና ከመኪና የሚመጣ እንደ ዚንክና መዳብ ያለ ብረት አለበትና አትክልት ላይ አይጣል፣ ወደ ዲቹም (ወደ መንገዱ የጎርፍ መውረጃ ቦይ) አይመለስ። በጆንያ ታስሮ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይሂድ።

አሁን ወደ መደቡ። ያለው ሁሉ ይውጣና ጥልቀቱ 90 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከታች 20 ሴንቲ ሜትር የታጠበ ጠጠር ይግባ። በጠጠሩ ውስጥ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ይተኛ። ቱቦውን በድሪል በየቦታው በ8 ሚሊ ሜትር ይብሱት። በ1 ሜትር ርዝመት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ ይሂድ። በላይኛው ጫፉ ወደ ላይ የቆመ ክዳን ያለው ቱቦ ይኑረው፤ ሲደፈን በውሃ ይታጠባል። የታችኛው ጫፍ ወደ መንገዱ ዲች ነው የሚወጣው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ቁፋሮው ካለቀ በኋላ ዲቹ ከቱቦው ከፍ ብሎ ይገኛል። ግቢዎ ዝቅ ያለ ነው ስላሉ፣ ዶማ ከመነሳቱ በፊት ግንበኛ ጠርተው በውሃ ልክ ያስለኩ። በአንዱ በኩል የማይወጣ ከሆነ፣ ዝቅ ያለ ዲች ባለበት ሌላ ጎን ይሞከር። እሱም ካልሆነ ጠርዙን በብሎኬት አንስቶ መደቡን ከፍ ማድረግ ነው። ያኔ ግን ጎርፉ በር ላይ ተይዞ በቦይ ከፍ ብሎ መምጣት አለበት።

ከጠጠሩ በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ደቃቅ 00 ጠጠር ይደረብ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨርቅ ያነጥፋል። እኔ አልመክርም፤ በጊዜ ብዛት ጨርቁ ራሱ ይደፈናል። ከዚያ 40 ሴንቲ ሜትር ድብልቅ አፈር፦ 3 እጅ አሸዋ፣ 1 እጅ ዋልካ ያልሆነ የአትክልት አፈር፣ 1 እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት። ጥሬ ፍግ አይግባ። ከራሱ ንጥረ ነገር እየታጠበ ሊጣራ የገባውን ውሃ መልሶ ያቆሽሸዋል። አሸዋውን ሲገዙ በጠርሙስ ውሃ ውስጥ ነቅንቀው ያስቀምጡት፤ ላዩ ላይ ወፍራም ጭቃ ከተኛ አይቀበሉት። የቀረው 20 ሴንቲ ሜትር ውሃው የሚጠራቀምበት ባዶ ቦታ ነው። ከዚያ ሲያልፍ የሚወጣበት መፍሰሻ ወደ ዲቹ ይኑረው። ወደ ጎረቤት ግን አይልቀቁት።

ስፋቱ ይበቃል ወይ? 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ጣሪያው 100 ካሬ፣ ንጣፉና የመንገዱ ድርሻ ሌላ 100 ካሬ ቢሆን፣ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ 5,000 ሊትር ያወርዳል። የእርስዎ 8 ካሬ መደብ በባዶ ቦታው የሚይዘው 1,600 ሊትር ነው። የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ ወደ ሮቶ ይመልሱት። ያኔ ወደ መደቡ የሚመጣው 2,500 ሊትር ይሆናል። አፈሩና ጠጠሩ ውስጥ የሚገባው ሲታከልበት ይችለዋል። አቧራና ዘይት ሲጠራቀምበት ከርሞ የሚወርደው የመጀመሪያው ዝናብ ከሁሉም የቆሸሸ ነውና ሥራው ከሰኔ በፊት ይለቅ።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፤ መደቡ ከቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ አልነገሩኝም። በተለምዶ 3 ሜትር ይባላል። ዋልካ ላይ ግን እኔ ከ5 ሜትር በታች አልሠራም። መሠረቱ ሥር የገባ ውሃ ዋልካውን ያሳብጠውና ግድግዳ ይሰነጥቃል። ቦታ ከሌለዎት ቢያንስ በቤቱ በኩል ያለውን የጉድጓዱን ጎን በወፍራም ፕላስቲክ ይሸፍኑት። ከሽንት ቤት ጉድጓድም ይራቅ።

ለተክል ቬቲቨር ሣርን የሚያህል የለም። ሥሩ ጠልቆ ይወርዳል፣ ጎርፉንም የበጋውን ድርቀትም ይችላል። መሐሉ ላይ፣ ውሃ በሚቆይበት፣ ቄጠማ ይጨመርበት። በበጋ በሳምንት አንዴ ይጠጣ።

እንዲህ ሲሠራ ውሃው በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ወርዶ ማለቅ አለበት። ከዚያ ካለፈ ላዩ ተደፍኗል ማለት ነው፤ ከላይ ያለውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቧጥጦ መቀየር ነው። ከጎማና ከፍሬን ሸራ የሚመጣው ዚንክና መዳብ አብዛኛው እዚያው ላይኛው አፈር ላይ ተይዞ ይቀራል።

ጋራዡን በተመለከተ፣ መደቡ ከመንገድ የታጠበ ዘይት ይችላል። መሬት ላይ የተደፋ የተቃጠለ ዘይት ግን አይችልም። የላቫጆ የሳሙና ውሃም እንደዚሁ። ሰዎቹን ቡና ላይ ጠርተው ያነጋግሯቸው። ዘይቱን በጀሪካን ይያዙት፣ የፈሰሰው ላይ ሰጋቱራ ይበተን። ዛሬ ከእናንተ በር የሚያልፈው ጎርፍ አቃቂ ወንዝ ይገባል፤ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ ነው። በመንገዱ ላይ በዚያ ውሃ አትክልት የሚያጠጣ ገበሬ፣ ከብቱን የሚያጠጣ እረኛ አለ። አትክልቱ ተመልሶ የእኛው ገበያ ላይ ይሸጣል።

ጎመኑን እዚያ አይትከሉ፤ ዳር ዳሩንም ቢሆን። ቅጠላ ቅጠል ከአፈር ብረት ይስባል፤ የታጨደውንም ሣር ለከብት አይስጡ። ለጎመኑ ከጎርፉ ከፍ ያለ ሌላ ቦታ ይፈልጉለትና ከሮቶው ያጠጡት።