አስቱሪያስ ይቆየን፣ መጀመሪያ እናጨብጭብ

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ኖት? ጊታር ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ኮርድ እየመታሁ መዝሙርም የድሮ ዘፈንም አጅባለሁ፣ ያን ያህል አይከብደኝም። ከሦስት ወር በፊት ግን ጓደኛዬ አስቱሪያስ የሚባለውን የስፓኒሽ ሙዚቃ አሰማኝና በቃ ልቤን ወሰደው፣ ፒኬን ጥዬ በጣት ልሞክር ብዬ ቁጭ አልኩ፣ እስካሁን ከመጀመሪያው መስመር አልወጣሁም፣ ክንዴ እንደ እንጨት ይደርቃል። ፍላሜንኮም መማር እፈልጋለሁ። ሁለቱ አንድ ናቸው? ከየትኛው ልጀምር? ወይስ የኔ እጅ ለዚህ አልተፈጠረም?
ክንዱ የደረቀው፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እጅህ ምንም አልሆነም ወንድሜ፣ መግቢያውን ነው የሳትከው። አስቱሪያስ ሲጀመር የጊታር ሙዚቃ አይደለም እኮ፣ ኢሳክ አልቤኒዝ ለፒያኖ የጻፈው ነው፣ ጊታሪስቶች ናቸው በኋላ ከጂ ማይነር ወደ ኢ ማይነር አውርደው የራሳቸው ያደረጉት። ስሙን እንኳ እሱ አላወጣለትም፣ በ1909 ከሞተ በኋላ አሳታሚው ነው የለጠፈበት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። አስቱሪያስ ሰሜን ስፔን ያለ አገር ነው፣ ዜማው የሚሸተው ግን ደቡቡን፣ አንዳሉሲያን ነው። ይሄ ምን ያረግልኛል ትል ይሆናል፣ ምንም፣ ሁሌ ስለሚገርመኝ ነው።

ሁለቱ አንድ ናቸው ወይ ላልከው፣ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ክላሲካሉ ተጽፎ የተቀመጠ ነው፣ ታሬጋ የሚባለው የስፔን ጊታሪስትና ደራሲ እንዲህ አለ ከተባለ እንደዛው ነው የምትጫወተው። ፍላሜንኮ ላይ ግን ጊታሩ ከመነሻው አጃቢ ነው፣ ዘፋኙንና ጨፋሪዋን እያየ ነው የሚሄደው፣ ለብቻው መድረክ ላይ መውጣት የለመደው እነ ራሞን ሞንቶያና ሳቢካስ ከመጡ ወዲህ ነው። ስለዚህ አንዱን ስትማር ጣትህ ነው የሚደክመው፣ ሌላውን ስትማር ጭንቅላትህ።

እኔ አንተን ብሆን በማላጌኛ እጀምር ነበር። ኩባዊው ሌኩዎና ለፒያኖ የጻፈውን ማለቴ አይደለም፣ ባለቤት የሌለውን የአንዳሉሲያ ህዝብ ዜማ ነው። ኮርዶቹን ታውቃቸዋለህ፣ ኤ ማይነር፣ ጂ፣ ኤፍ፣ ኢ፣ መዝሙር ላይ ሺ ጊዜ መተሃቸዋል፣ ልዩነቱ እዚህ ቤቱ ኢ ነው፣ ኤ ማይነር ላይ አትጨርስም። ዜማውን በአውራ ጣት ወፍራሞቹ ክሮች ላይ ትይዛለህ፣ በመሃል በመሃል በጠቋሚ ወይ በመሃል ጣት ቀጭኗን አንደኛ ክር ባዶዋን ትነካለህ። አስቱሪያስ ላይ ክንድህን ያደረቀው ስራ ይሄው ራሱ ነው፣ እዚህ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው።

ደግሞ ጆሮህ ያውቀዋል። አምባሰልን ከሚ (ያው ኢ ማለት ነው) ጀምረህ ብትወጣ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ነው የምታገኘው፣ አምስቱም ስፔኖቹ ከሚ ጀምረው በሚሄዱበት ስኬል ውስጥ አሉ። ያቺ ከፋ ወደ ሚ ስትወርድ ሆድ የምታባባዋ ግማሽ ቶን አለች አይደል፣ እሷው ናት። ዝምድና አላቸው እያልኩ አይደለም፣ ነገ ጋሼ እንዲህ አለ እንዳትሉ፣ ለጆሮ ግን ትልቅ ስንቅ ነው። የሚለያዩት ኢ ሜጀር ኮርድ ይዞ በሚመጣው ሶል ሻርፕ ነው፣ አምባሰል እሷን አያውቃትም።

ቀጥሎ ሮማንስ የሚባለው። ደራሲው በእርግጠኝነት አይታወቅም፣ ናርሲሶ ዬፔስ በ1952 ለወጣ የፈረንሳይ ፊልም ተጫውቶት ነው ዓለም የለመደው። የመጀመሪያዎቹን አራት ባሮች (በምት የተከፈሉትን የሙዚቃ ክፍሎች) ግራ እጅህ በአንድ ጣት ይጨርሳቸዋል ብልህ ታምነኛለህ? አንደኛ ክር ላይ 7ኛ ፍሬትን (አንገቱ ላይ በብረት መስመር የተከፈለውን ቦታ) ሦስት ጊዜ፣ ከዛ 7፣ 5፣ 3፣ ከዛ 3፣ 2፣ ባዶ፣ ከዛ ባዶ፣ 3፣ 7። ሁለተኛና ሦስተኛ ክር ባዷቸውን ናቸው፣ ስድስተኛዋን በየባሩ መጀመሪያ በአውራ ጣት። ስራው ያለው ቀኝ እጅ ላይ ነው፣ የቀለበት ጣት አንደኛ ክር፣ የመሃል ጣት ሁለተኛ፣ ጠቋሚ ሦስተኛ፣ ይሄ ዙር በየባሩ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። ዜማው ያለው የቀለበት ጣት ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ከሁሉም ሰነፉ ጣት ነው፣ ስለዚህ ሁለቱን በሹክሹክታ፣ እሱን በድምጽ። አንድ ሳምንት ሙሉ ግራ እጅህን ኪስህ ውስጥ ከተህ በባዶ ክር ብቻ ይሄን ብትሰራ አይቆጭህም።

ከዛ 7ኛው ባር ላይ ባሬ፣ በአንድ ጣት ብዙ ክር አንዴ መጫን ማለት ነው፣ ይመጣል፣ 5ኛ ፍሬት ላይ። 10ኛው ላይ ደግሞ 7ኛ ፍሬትን በጠቋሚ እንደያዝክ ትንሿ ጣትህ እስከ 11 ትለጠጣለች፣ እዛ ጋ ያልተሳደበ ሰው አላየሁም። ሁለተኛው ክፍል ኢ ሜጀር ነው፣ ለጊዜው ተወው። የመጀመሪያውን ክፍል አሳምረህ ተጫውተህ እዛው ብታቆም ነውር የለውም፣ እኔ ሁለቱንም ካልጨረስኩ ብዬ ሁለተኛው ላይ ስታገል ከርሜ የመጀመሪያውንም አበላሸሁት። ሮማንስ እጅህ ከገባ የታሬጋን ላግሪማ ሞክር፣ እንባ ማለት ነው፣ አጭር ነው፣ ቀስ ያለ ነው። ትሬሞሎውን (አንድ ድምጽ በፍጥነት እየደጋገሙ መምታቱን)፣ ያን የአልሃምብራ ትዝታ የሚባለውን፣ ገና አትንካው።

ፍላሜንኮውን ግን በጊታር እንዳትጀምር፣ በእጅህ ጀምር፣ በጭብጨባ። ሶሌያ የሚባለው የፍላሜንኮ አይነት 12 ምት አለው፣ ጠንከር የሚለው 3፣ 6፣ 8፣ 10 እና 12 ላይ ነው። ወረቀት ላይ ሲያዩት ቀላል ነው። እኛ ሰዎች ግን ጭክችካ ይዞን ያደግን ነን፣ ሦስት ሦስት እያለ ነው ደማችን የሚሄደው፣ 3 ላይ ታጨበጭባለህ፣ 6 ላይ ታጨበጭባለህ፣ ከዛ እጅህ ሳትጠይቀው 9 ላይ ያርፋል። ስፔኖቹ 8 ላይ ናቸው። እኔ 8ን ለመልመድ ስንት ጊዜ ጠረጴዛ እንደደበደብኩ ቤተሰቤ ነው የሚያውቀው። እንዲህ አርግ፣ ሁለት ጊዜ ሦስት፣ ከዛ ሦስት ጊዜ ሁለት፣ በአፍህ እየቆጠርክ። በአማርኛ ስትቆጥር አስራ አንድና አስራ ሁለት ይረዝሙና ያዘገዩሃል፣ ከ10 በኋላ በቃ አንድ ሁለት በል፣ ስፔኖቹም ብዙዎቹ እንደዛ ነው የሚቆጥሩት። ይሄን ኮምፓስ ነው የሚሉት፣ እሱን የሳተ ጊታሪስት ጣቱ ቢበርም ሰሚ የለውም። 12ቱ ካስጠላህ ታንጎስ ባለ 4 ነው (የአርጀንቲናው ታንጎ አይደለም)፣ ሩምባም እንደዛው፣ የፍላሜንኮ ጊታሪስቱን የፓኮ ደ ሉሲያን የ1973ቱን ኤንትሬ ዶስ አጉዋስ ስማውና እግርህ ምን እንደሚል እየው።

ጎልፔ የሚሉትን፣ በቀለበት ጣት የጊታሩን ፊት ማንኳኳቱን ማለቴ ነው፣ ያለ መከላከያ ፕላስቲክ እንዳትሞክረው። የኔ ጊታር ቀለሙ ተልጦ የዳማ ሰሌዳ መስሏል።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ እዚህ የገዛሁት ቦክስ ጊታር ክሩ ብረት ነው። ስፓኒሽ በሱ ይሆናል? ወይስ የናይለኑን ጊታር ገዝቼ ድምጹ እንዲጮህ የብረት ክር ልግጠምበት?
ከዱባይ

መልስ፦ ሁለተኛውን ሀሳብህን ከወዲሁ ጣለው። የብረት ክር ስድስቱ አንድ ላይ ወደ 70 ኪሎ ገደማ ነው የሚጎትቱት፣ ናይለኑ ወደ 40። የናይለን ጊታር ለዛ አልተሰራም። ይሄን ከመጽሐፍ አይደለም የማወራው፣ በልጅነቴ አንድ ሻጭ ችግር የለውም ብሎኝ ገጥሜ፣ በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ጓ! የሚል ድምጽ ቀሰቀሰኝ፣ ስነሳ ክሮቹን የያዘው ብሪጅ ከነክሩ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል።

አሁን በያዝከው መጀመር ትችላለህ፣ ሮማንስም ማላጌኛም ይወጣሉ፣ ግን አንገቱ ጠባብ ነው፣ የብረቱ 43 ሚሊሜትር አካባቢ ሲሆን የክላሲካሉ 52 ነው፣ ጣቶችህ ይጋጫሉ፣ ራስጌያዶ፣ ጣቶችን እየዘረጉ ክሮቹን በጥፍር መግረፉን ማለቴ ነው፣ ስትሞክር ደግሞ ጥፍርህን ይበላዋል። ስትገዛ ክላሲካሉን ግዛ፣ ፍላሜንኮ የሚባለውን አትቸኩልበት፣ እሱ ጀርባና ጎኑ በልማድ ከሳይፕረስ እንጨት ነው፣ ክሩ ለአንገቱ ቅርብ ስለሆነ ድምጹ ደረቅና ፈጣን ነው፣ ኮምፓስ ሲገባህ ነው የሚጠቅምህ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ነርስ ነኝ፣ ጥፍር ማሳደግ አይፈቀድልንም። ያለ ጥፍር ስፓኒሽ ጊታር አይሆንም አሉኝ፣ እውነት ነው? ኖታስ ሳላነብ ይሆናል?
ከመቀሌ

መልስ፦ ማን አለሽ እህቴ? ታሬጋ ራሱ በመጨረሻ ዘመኑ ጥፍሩን ቆርጦ በጣቱ ስጋ ነበር የሚጫወተው፣ ተማሪው ኤሚሊዮ ፑሆልም እንደዛው። ድምጹ ያንሳል፣ ግን ክብ ይሆናል፣ ላግሪማ እንደውም እንዲህ ሲሆን ነው ለኔ ደስ የሚለኝ። ፍላሜንኮ ላይ ግን አልዋሽሽም፣ ራስጌያዶው ያለ ጥፍር ይፈዝዛል፣ ፍላሜንኮዎቹ እንደውም ጥፍራቸው እንዳይሰበር ሱፐር ግሉ ይቀቡታል፣ አንቺ ታካሚ የምትነኪ ሰው ስለሆንሽ እሱን እርሺው። ክላሲካሉን ያዢ፣ ለፍላሜንኮ በአውራ ጣት የሚሰሩትን ምረጪ።

ኖታውን ቀስ ብለሽ ትደርሺበታለሽ። ፓኮ ደ ሉሲያ በ1991 ስፔናዊው ሮድሪጎ ለጊታርና ለኦርኬስትራ የጻፈውን ኮንቼርቶ ሲቀዳ ኖታ አንባቢ አልነበረም፣ ፍላሜንኮ እንደ ክራራችን በጆሮ ነው ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው። ለሮማንስ ታብ ይበቃሻል፣ ስድስት መስመር ስድስት ክር ነው፣ ቁጥሩ ፍሬቱ ነው፣ ከላይ ያለችው መስመር ቀጭኗ ክር ናት፣ ይቺን ብቻ እንዳትገለብጪያት።