ለጀማሪ ጠበቆች፦ ስለ አንዲት ጉርድ ፎቶ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጀማሪ ጠበቃ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ደንበኛዬ ብድር አዘገየሽ ተብላ ፎቶዋን ከነመታወቂያዋ ቴሌግራም ላይ ለቀቁት። የትኛውን አዋጅ ልጥቀስ?» መልሱን አላጣሁትም፤ ግን ምላሴ ተያዘ። «መልሼ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ፣ ከራይተር ጸሐፊዎቹ ጀርባ ጠባብ ቢሮ ነበረችኝ። አንድ ቀን እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ገባች። የሁለት ወር ክፍያ አሳልፋለች። አበዳሪዋ ለብድር ፎርሙ የሰጠችውን ጉርድ ፎቶ በፎቶ ኮፒ አሳድጎ፣ ከነስሟ በሩ ላይ ለጥፎታል። እንጀራ የሚረከቧት ሰዎች የሚያልፉት በዚያ በር ነው። ዕዳዋን አልካደችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ፎቶዬን የሚያስነሳልኝ ሕግ አለ?»

«ዕዳ እያለብሽ ምን ሕግ አለ? ክፈዪና ያነሱልሻል» አልኳት። ችሎት ረፍዶብኝ ነበር። የምክሩን ስንት ልክፈል ስትለኝ አልተቀበልኳትም፤ ደግ የሆንኩ መስሎኝ። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ሕጉ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። በ1952 የወጣው፣ ሬኔ ዳቪድ የሚባሉ ፈረንሳዊ ምሁር ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ፤ ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር የታሰረ። የሰጡኝ ያሠለጠኑኝ ጠበቃ ናቸው፤ እሳቸው ቡና እስኪቀርብ አንድ ገጽ ያነቡ ነበር፣ ስኳር ደግሞ አራት ማንኪያ! እኔ ወረቀት እንዳይበርብኝ እጭነው ነበር። ቁጥር 27፦ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይለጠፍም። ቁጥር 28 ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ይዘረዝራል፤ ባለዕዳን ማሳፈር እዚያ ውስጥ የለም። ይህን ያየሁት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የሌላ ሰው ጉዳይ ስፈልግ ነው። ሄጄ በሩን አየሁት። ቀለም ተቀብቷል። ሴትዮዋን የሚያውቅ አላገኘሁም።

እናንተ መጽሐፍ መግለጥ ትታችሁ ስልክ ትጠይቃላችሁ፤ ከ2016 በፊት ሕግ ያልነበረ ይመስላችኋል። እኔ ስልክም ሳይኖረኝ አልገለጥኩም፤ ይሁን።

አሮጌው ሕግ ይበቃል ብዬ ስከራከር ኖሬያለሁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሲወጣ ግን ከማንም በላይ የተደሰትኩ እኔ ነኝ። በር ላይ የተለጠፈን አንድ ክረምት ያወርደዋል፤ ቴሌግራም ላይ የወጣው በማን ስልክ እንደተቀመጠ ማን ያውቃል? ደግሞ አዋጁ የግል መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ ይዋል ይላል። የዚያች ሴት ጉርድ ፎቶ ለፎርም ነበር የተሰጠው። በዚህ ላይ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚባል አቤት የሚሉት ተቆጣጣሪ አለ። ያኔ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ማታ ለልጅቷ ደወልኩ፤ ሁለቱንም ጥቀሺ፣ ቁጥር 27ን አስቀድሚ አልኳት። በማግስቱ የክሱን ረቂቅ ላከችልኝ። አጻጻፏ ያስቀናል። የላከችው በቴሌግራም ነው፤ የደንበኛዋን መታወቂያ ፊትና ጀርባ አያይዛ። ደውዬ ጮህኩባት።