በእያንዳንዱ ምርጫ ለምን እንምረጥ? ጥያቄና መልስ

ስለ ምርጫ የከነከናችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡልኝን እነሆ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከሚሊዮኖች መሀል የእኔ አንድ ድምፅ ምን ትለውጣለች?

በትልቅ አገራዊ ምርጫ አንድ ድምፅ ብቻዋን ውጤት የምትቀይርበት ዕድል ጠባብ ነው፤ አልዋሽህም። ግን ምርጫ ሁሉ ትልቅ አይደለም። በ2017 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ለአንድ የምክር ቤት መቀመጫ የተፎካከሩ ሁለት እጩዎች እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ። አሸናፊው በዕጣ ተለየ። በዚያች አንድ መቀመጫ የተነሳ ምክር ቤቱ 51 ለ49 ሆነ፤ ዕጣው ለሌላኛው ቢወጣ ኖሮ 50 ለ50 ይሆን ነበር። በዚያው ዓመት በብሪታንያ የኖርዝ ኢስት ፋይፍ የፓርላማ መቀመጫ የተወሰነው በ2 ድምፅ ልዩነት ነው። እዚያ "ዛሬስ ይቅርብኝ" ብሎ ቤቱ የዋለው ሰው ከሁለት እንደሚበልጥ ጥርጥር የለውም።

ጥያቄ፦ አገራዊውን ምርጫ ቀርቼ አላውቅም። የአካባቢውን ግን እዘለዋለሁ። ችግር አለው?

አለው፣ እህቴ። ሰው የሚጎርፈው ለትልቁ ነው። አሜሪካን ብናይ፣ በ2020 ፕሬዚዳንት ሲመረጥ መምረጥ ከሚችለው ሰው ሁለት ሦስተኛው ያህል ወጥቷል። ፕሬዚዳንት ባልተመረጠበት በ2014 ግን ከ10 ሰው 4 እንኳ አልሞላም። መራጭ ባነሰ ቁጥር የእያንዳንዱ ድምፅ ክብደት ይጨምራል። አንቺ የምትዘዪው ድምፅሽ ይበልጥ የሚሰማበትን ምርጫ ነው።

ጥያቄ፦ አንዴ ብቀር ማን ያውቃል?

ማንን እንደመረጥክ ሚስጥር ነው። መውጣትህ ወይም መቅረትህ ግን በአሜሪካ ለምሳሌ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የምርጫ ዘመቻዎች ይህን መዝገብ እያዩ ነው የማንን በር እንደሚያንኳኩ የሚወስኑት። አዘውትሮ የሚመርጠውን ያነጋግሩታል፤ የሚጠፋውን ያልፉታል። ለእኔ ከሁሉም ምክንያት የሚበልጠው ይሄ ነው። ፖለቲከኛ ልብ የሚለው በንዴት አንዴ ብቅ ብሎ የሚጠፋን ሰው አይደለም፤ በየምርጫው እንደሚመጣ እርግጠኛ የሆነበትን ነው። በብዙ አገር ከወጣቱ ይልቅ አረጋውያን ይመርጣሉ። የጡረታ ነገር ሲነሳ ፓርቲዎች ለምን ጥንቃቄ እንደሚያበዙ ከዚህ መገመት ይቻላል።

መቅረት ሌላም መዘዝ አለው። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት 2 ዓመት ድምፅ ያልሰጠ ሰው የማረጋገጫ ደብዳቤ ይላክለታል። መልስ ካልሰጠና ቀጣዮቹን 4 ዓመታትም ካልመረጠ ስሙ ከመራጮች መዝገብ ይሰረዛል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ይህን አሠራር አጽንቶታል።

ጥያቄ፦ ከእጩዎቹ አንዱም ባይጥመኝስ?

ሂድና ይህንኑ በወረቀቱ ላይ ተናገር። ህንድ ከ2013 ጀምሮ "ከተዘረዘሩት ማንንም አልመርጥም" የሚል አማራጭ ለመራጩ ሰጥታለች። ብዙ ድምፅ ያገኘው እጩ ማሸነፉ አይቀርም፤ ቅሬታህ ግን በቁጥር ይመዘገባል። ይህ አማራጭ በሌለበት ባዶ ወረቀት ማስገባት ይቻላል። ቤቱ የዋለ ሰው ግን የቀረው ተከፍቶ ይሁን ሰንፎ ማንም አይለይለትም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን በሕግ አያስገድዱንም?

የሚያስገድዱ አሉ። በአውስትራሊያ በ1922 ከተመዝጋቢው 60 ከመቶ የማይሞላው ነበር የመረጠው። በ1924 ግዴታ ሆነ፤ በ1925 ቁጥሩ ከ91 ከመቶ በላይ ዘለለ። እኔ በፈቃድ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ውጤቱን ግን መካድ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድሮ 18 ዓመት ይሞላዋል። ምን ልምከረው?

ከመምከር ይልቅ አብረውት ይሂዱ፣ እናቴ። ድምፅ መስጠት ልማድ ነው። በ1998 ተመራማሪዎች በአሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ በዕጣ የለዩአቸውን ሰዎች ቤታቸው ሄደውም በደብዳቤም እንዲመርጡ ቀሰቀሱ። እነዚያ ሰዎች በዓመቱ በተካሄደው የከተማ ምርጫም ካልተቀሰቀሱት ይበልጥ ወጥተው ተገኙ። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ምርጫ እንዳታመልጠው። ምዝገባው የሚያበቃበትን ቀን ከአሁኑ ይወቁለት፤ በብዙ አገር ምዝገባ ያለፈው ሰው በምርጫው ቀን ቢሮጥ ዋጋ የለውም።